ቅዳሜና እሁድ በአዳሪ ትምህርት ቤት፦ ለአንድ የተማሪዎች ተቆጣጣሪ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄውን የላኩልኝ በወሎ አንዲት የወረዳ ከተማ በሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ዘንድሮ የተማሪዎች ተቆጣጣሪ ሆነው የተመደቡ መምህር ናቸው። በአጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ «ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል የሚማሩ 240 ልጆች አሉን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁሉም ነገር በደወል ስለሚሄድ አንቸገርም። ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ግን ግቢው ይላላል፤ ገሚሱ ተኝቶ ይውላል፣ ገሚሱ ይጣላል፣ ሁለት ልጆች ደግሞ እሁድ ወደ ማታ ሁለት ጊዜ አጥር ዘለው ሲወጡ ተይዘዋል። ርእሰ መምህሩ ቅዳሜን ሙሉ ቀን፣ እሁድንም እስከ ምሳ የማጠናከሪያ ትምህርት እናድርገው ይላሉ። በጀት የለንም፤ በሳምንቱ መጨረሻ ግቢ የምንውለው አዋቂዎችም ሦስት ብቻ ነን። ልጆቹን በምን እናውላቸው? አጥር የዘለሉትስ ምን ይቀጡ?»

ከሃያ ዓመት በላይ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች በተቆጣጣሪነት፣ ኋላም በተማሪዎች አማካሪነት ስሠራ ይህንኑ ጥያቄ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም የሚጠየቀው «ልጆቹን በምን እናጫውታቸው?» በሚል መልክ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ከሌላ ቦታ ቢነሣ ይሻላል እላለሁ። ይህ ልጅ ቤቱ ቢሆን ኖሮ ቅዳሜን እንዴት ይውል ነበር? የሚያጫውተው ሰው አይመደብለትም። ውኃ ይቀዳል፣ ከብት ያግዳል ወይም ጥጃ ይጠብቃል፣ ታናሹን ያዝላል፣ እናቱን ተከትሎ ገበያ ይወርዳል፣ በመሐል ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ይራገጣል፣ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጦ የትልልቆቹን ወሬ ይሰማል። ቤቱ የሚፈልገው ሰው ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ስናስገባው መኝታ፣ ምግብና መምህር እንሰጠውና ሳናስበው ይህን ተፈላጊነቱን እንወስድበታለን። በሥራ ቀናት ትምህርቱ ጉድለቱን ይሸፍነዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ደወሉ ዝም ሲል ግን ባዶው ቦታ ይገለጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚመለሰው ወደ አንድ ነገር ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ልጁ ለሰው የሚጠቅም ሥራ፣ ሳይጣደፍ የሚያወራው ሰውና ራሱ የሚመርጠው ሰዓት እንዲያገኝ ማድረግ።

በመጀመሪያ የርእሰ መምህሩን ሐሳብ እንመልከት፤ ምክንያት የሌለው ሐሳብ አይደለምና። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሲገለጽ ያልደነገጠ የትምህርት ቤት ኃላፊ አልነበረም። አዳሪ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የተሻለ ውጤት ያመጣሉ ተብለው ስለሚጠበቁ በእርሳቸው ላይ ያለው ጫና ከሌላው ይበልጣል። ይሁን እንጂ የእናንተን ልጆች የሥራ ቀን በሰዓት ቆጥራችሁ እዩት። እንደ አብዛኞቹ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከሆነ ማታ 4 ሰዓት መብራት ይጠፋል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ደወል ይደወላል፤ ይህ 7 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ስለዚህ ትልቁ ልጅ እንኳ ቅዳሜ ላይ ሲደርስ ቢያንስ የ5 ሰዓት እንቅልፍ ዕዳ ተሸክሟል። «ተኝቶ ይውላል» ያሏቸው ልጆች ሰነፎች አይደሉም፤ የደከማቸው ናቸው። የተማሩት ነገር በአእምሮ የሚደላደለው በእንቅልፍ ጊዜም ጭምር ስለሆነ ለዚህ ልጅ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት መስጠት በሞላ እንስራ ላይ ውኃ መቅዳት ነው።

እኔ የምመክረው የቅዳሜና የእሁድ ደወል ወደ ጠዋት 1 ሰዓት እንዲዘገይ ነው። ከዚያ በላይ ግን አይዘግይ፤ እሁድ እስከ ረፋድ 4 ሰዓት የተኛ ልጅ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለውና ሰኞን ፈዝዞ ይጀምራል። የማጠናከሪያ ትምህርቱም ይኑር፣ ነገር ግን ቅዳሜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ፣ በትንንሽ ቡድን፣ ልጆቹ በእርግጥ ባልገባቸው ነገር ላይ ይሁን። በዚህ ሰዓት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ለ7ኛ ክፍሉ ሒሳብ ቢያስረዳ ሁለቱም ይማራሉ፤ የመምህር እጥረታችሁም በከፊል ይቃለላል። እሁድ ማታ ለሰኞ የመዘጋጃ አንድ ሰዓት ጸጥታ ይበቃል። ርእሰ መምህሩ የሕግ ድጋፍ ከፈለጉም አለ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 የልጅን የዕረፍትና የጨዋታ መብት ይደነግጋል፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 አገሪቱ ያጸደቀቻቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል አድርጓቸዋል። ይህን የምጠቅሰው ክርክር እንዲያነሡበት አይደለም። ዕረፍቱ የተቆጣጣሪው ችሮታ አለመሆኑን ሁላችንም እንድናውቀው ነው።

የቅዳሜ ጠዋት ዋና ሥራ የልብስ አጠባ ነው። ይህ ብዙ ሰው «ዝግጅት» ብሎ የማይቆጥረው ሥራ በእኔ ግምት በአዳሪ ሕይወት ውስጥ ከሁሉም የበለጠው የሳምንት መጨረሻ ዝግጅት ነው። ሳፋው፣ ሳሙናውና ገመዱ በሥርዓት ከተሰናዱ ልጆች እጃቸው እየሠራ አፋቸው ይፈታል። ተማሪን ቢሮ ጠርቼ፣ በር ዘግቼ፣ ፊት ለፊት ተቀምጬ «ምን ሆነህ ነው?» ስለው የሚመልስልኝ «ምንም» ብሎ ነው። ያው ልጅ ግን ከጎኔ ተቀምጦ ሸሚዙን እያሸ ስለ አባቱ ሕመም፣ ስለሚያስፈራው መምህር፣ ሌሊት ስለሚያስለቅሰው ነገር ሳልጠይቀው ነግሮኛል። ልጅ ዓይን ለዓይን ሲያዩት ይዘጋል፤ ጎን ለጎን ሲሠሩ ግን ይናገራል። ስለዚህ እርስዎም የራስዎን አንድ ሸሚዝ ይዘው ይውጡና አብረው ይጠቡ።

አጠባው በሥርዓት እንዲሄድ ጥቂት ነገሮችን አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ሳሙና በግለሰብ ሲሆን ይሰረቃል፣ ያጣላልም፤ በመኝታ ክፍል ቢታደልና ከልጆቹ አንዱ ኃላፊ ቢሆንበት ጠቡ በጣም ይቀንሳል። ውኃ የሚያጥር ከሆነ ግማሾቹ ክፍሎች ቅዳሜ፣ ግማሾቹ እሁድ ይጠቡ። ፍራሽና ብርድ ልብስም ቅዳሜ ጠዋት ወደ ፀሐይ ይውጣ፤ ብዙ ልጅ ተጠጋግቶ በሚተኛበት ቤት እከክ ከገባ ከክፍል ወደ ክፍል ይዛመታል። የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ተለይቶ ከ2 እስከ 3 ቀን በላይ ስለማይቆይ የታመመው ልጅ ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ መሰጣት፣ የማይታጠበው ደግሞ በፌስታል ታስሮ ቢያንስ ለሦስት ቀን ተለይቶ መቀመጥ አለበት። እከክ የያዘው ልጅ ግን መድኃኒት ያስፈልገዋልና ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ አብረውት የሚተኙትም በአንድ ጊዜ ይታከሙ። ከአጠባው ጎን ለጎን ሴቶቹ ሹሩባ ይሠራራሉ፣ ወንዶቹም አንድ ቶንዶስ ቢገዛላቸው እርስ በርስ ፀጉር ይቆራረጣሉ፤ ሞያ የሚለመደው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ሕግ አለኝ። ማንም ልጅ በትእዛዝ የሌላውን ልብስ አያጥብም። በአዳሪ ትምህርት ቤት ትልቅ በትንሽ ላይ የሚሠራው ግፍ የሚጀምረው እጅግ ትንሽ ከሚመስል ነገር ነው፤ ካልሲ በማሳጠብ፣ ዳቦ በመቀበል፣ ውኃ በማስቀዳት። ሥራው የሚበዛውና አዋቂው የሚያንሰው በሳምንቱ መጨረሻ ስለሆነም ግፉ የሚጠነክረው በእነዚሁ ሁለት ቀናት ነው። የሚታወቅበት መንገድ ቀላል ነው። ገመዱ ላይ የተሰጣውን ልብስ መጠን ይመልከቱ፤ አንዲት ትንሽ የ7ኛ ክፍል ልጅ የትልቅ ሰው ሱሪ እየሰቀለች ከሆነ ሳትናገር ነግራዎታለች። ትልልቆቹን ማስጠንቀቅ ብቻውን አይበቃም፤ በየ10ኛ ክፍሉ ልጅ እጅ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ በአደራ ተሰጥቶ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ቁልፍ እንዴት እንደሚተከል፣ አልጋ እንዴት እንደሚነጠፍ ያሳየው። አዲሱ ልጅ በሦስት ወር ውስጥ እነዚህን ከቻለ የተመሰገነው ትልቁ መሆን አለበት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጨዋታው እንመጣለን፤ የሚገርመው ግን እዚህ ላይ ከኳስ በፊት የሚያስፈልገው ቁልፍ ነው። በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ የስፖርት ዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ዓርብ ማታ ከስፖርት መምህሩ ጋር ይሄዳል፣ ቤተ መጻሕፍቱም ሠራተኛው ዕረፍት ስለሚወጡ ይዘጋል። ልጆቹ ጊዜ በሌላቸው አምስት ቀን ክፍት የነበረው ሁሉ ጊዜ ባላቸው ሁለት ቀን ይቆለፋል። ይህን ለማስተካከል ሳንቲም አይጠይቅም። ሁለት ታማኝ ተማሪዎች በመዝገብ እየፈረሙ መጽሐፍ የሚያወጡበትና የሚመልሱበት፣ ኳስና መረብም በፊርማ የሚሰጥበት ሥርዓት ይበቃል። መጽሐፍ ይጠፋል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ጥቂት ይጠፋል፣ ግን ተቆልፎ አቧራ የጠጣ መጽሐፍ ከጠፋው አይሻልም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ሰፊ ሜዳ ባለው ግቢ ይህ ከባድ ሊሆን አይገባውም ነበር። ሆኖም ሜዳው ሰፊ ቢሆንም ኳሱ አንድ ከሆነ 22 ወንዶች ይጫወታሉ፣ ሌላው ይመለከታል፣ ሴቶቹም ከመኝታ ክፍላቸው አይወጡም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት የመጀመሪያው ሰዓት ሜዳው የሴቶች ይሁን፤ ይህ ተለምኖ የሚሰጥ ሳይሆን በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ሥርዓት ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስድስት ልጆች ብቻ ቢወጡም አይሻሩት፣ በአራተኛው ይሞላል። ኳስ የማይወድ ልጅም አለና ገመድ ዝላይ፣ ሱዚ፣ ቅልልቦሽ፣ ብይ፣ ገበጣ ሁሉ ቦታ ይኑራቸው። ገበጣውን በእንጨት ማስጠረብ ባይቻል መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድና በጠጠር ይሠራል። በገና ሰሞን ደግሞ ከአካባቢው ሽማግሌ አንዱን ጠርተው የገና ጨዋታን ሕግ ቢያስተምሯቸው እጅግ ደስ ይላቸዋል፤ ዱላውን ራሳቸው ይጠርባሉ፣ ሩሯን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፣ አዋቂ ግን ከሜዳው አይራቅ።

ምንም ማድረግ የማይፈልግ ልጅስ? ከዛፍ ሥር ብቻውን መቀመጥ የመረጠ ልጅ ይቀመጥ። ሳምንቱን ሙሉ ከ23 ልጆች ጋር ተኝቶ፣ በልቶ፣ ተምሮ የኖረ ልጅ ብቻውን የሚሆንበት አንድ ሰዓት ያስፈልገዋል። የሚያሳስበኝ ሁልጊዜ ብቻውን የሚሆነውና የሚወደውን ነገር በድንገት የተወው ልጅ ነው፤ ያንን ልጅ በስሙ ማስታወሻ ላይ ያስፍሩት።

ለአትክልት ቦታ የተወሰነ መሬት ካላችሁ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ላክል። ለየመኝታ ክፍሉ አንድ መደብ ይሰጠው፤ ሰላጣ በሁለት ወር አካባቢ ይደርሳል፣ ጎመንና ቆስጣም ቅጠላቸው ደጋግሞ ስለሚቀነጠብ ልጆቹ የድካማቸውን ፍሬ በዚያው ሴሚስተር ያያሉ። የለቀሙት አትክልት ግን የግድ በራሳቸው ወጥ ቤት ተሠርቶ በራሳቸው ሰሐን መቅረብ አለበት፤ ወደ ሠራተኞች ቤት ሲሄድ ያዩት ቀን መኮትኮት ያቆማሉ። አረም ማረምም ለቅጣት አይዋል። ያጠፋ ልጅ ጎመን እንዲኮተኩት የሚፈረድበት ግቢ ውስጥ ጎመን የሚወድ ልጅ አላገኘሁም።

አዋቂዎቹ ሦስት ብቻ መሆናችሁ ከባድ ነው፣ ግን ከዝግጅት ብዛት ይልቅ በቦታ አያያዝ ይስተካከላል። አንዱ ሜዳው ላይ ይቁም፣ አንዱ መኝታ ቤቶቹ አካባቢ ይሁን፣ ሦስተኛው ያለማቋረጥ በግቢው ይዙር፤ በየሁለት ሰዓቱም ቦታ ተቀያየሩ። ቆጠራ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ማለትም ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በፊት በስም ይደረግ። ማንም አዋቂ፣ እኔም ሆንኩ እርስዎ፣ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሁን፤ ይህ ለልጁም ለአዋቂውም ጥበቃ ነው። ልጅን ይዞ የሚወጣ ዘመድ ወላጅ በመስከረም ፈርሞ በሰጠው ዝርዝር ውስጥ ስሙ ካልኖረ «አጎቱ ነኝ» ስላለ ብቻ አይስጡት፤ ቅር ቢላቸውም ይታገሡ። ወደ ወንዝ የሚደረግ ጉዞ ደግሞ ዋና የሚችልና ነፍስ ማዳን የሠለጠነ አዋቂ እስካልተገኘ ድረስ ይቅር።

የቅዳሜ ምሽትን ለቴሌቪዥን ሙሉ በሙሉ አይስጡት። ልጆቹ የሚወዱት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ካለ አንዱን ይዩ፣ ያ ደስታቸው ነው፤ ከዚያ ይጥፋ። የሚበልጠው ምሽት የሚጠይቀው ጥቂት ቆሎ ወይም ፈንዲሻና በክብ መቀመጥ ነው። ቡና ለአዋቂዎቹ ይፈላ፤ ልጆቹ ባይጠጡትም ሲቆላ የሚወጣው ሽታና ጭሱ ብዙዎቹን ቤታቸው ያደርሳቸዋል። ከዚያ እንቆቅልሽ ይጀመር። «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ተባብለው መላሹ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» የሚባለው ወግ ከየወረዳው ለተሰበሰቡ አዳሪዎች እንደተሠራ ያህል ነው። አንድ ዓመት አፉን ያልፈታ፣ በክፍልም በምግብ ቤትም ቃል የማይወጣው አዲስ ልጅ ነበረን። አንድ ቅዳሜ ማታ እንቆቅልሽ የጠፋባት ልጅ ስትጨነቅ ቆይታ ሳታውቅ የእርሱን ቀበሌ ስም ጠርታ ሰጠች። ልጁ ከተቀመጠበት ብድግ አለና «እሱንማ አልሰጥም፣ የኛ አገር ነው» አለ። ግቢው በሙሉ ሳቀ፣ እርሱም ሳቀ፣ ከዚያም ስለዚያ ቀበሌ ወንዝና ገደል ሲያወራ መብራት እስኪጠፋ ቆየ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አገር የሚሰጡት ልጆች የባልንጀሮቻቸውን መንደር ስም አጥንተው ይመጡ ጀመር። ክራር ወይም ማሲንቆ የሚችል መምህር ካላችሁ ደግሞ የምትኖሩት ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ባገኙበት ምድር ላይ ነውና ልጆቹ አራቱን ቅኝቶች በጆሯቸው መለየት ይማሩ። መንዙማ የሚያውቁም ከልጆቹ መካከል አይጠፉም፤ ቢፈቅዱ ተራ ይሰጣቸው።

እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ከአዋቂ ጋር ተቆጥረው ይሂዱ፣ ተቆጥረው ይመለሱ፤ ወደ ጸሎት ቤታቸው የሚሄዱ የፕሮቴስታንት ልጆችም እንዲሁ። በወሎ ያለ ግቢ እንደመሆኑ ግን የሙስሊም ልጆቻችሁ ቁጥር ጥቂት አይሆንም፤ የእነርሱ የጋራ ጸሎት ዓርብ እኩለ ቀን ስለሆነ እሁድ ጠዋት እነርሱ ብቻ ያለ ሥራና ያለ ጠባቂ የሚቀሩበት ሰዓት እንዳይሆን። ቤተ መጻሕፍቱ፣ የአትክልት ቦታው ወይም ቮሊቦሉ በዚያ ሰዓት ለእነርሱ ይከፈት፣ ከሦስታችሁ አንዱም አብሯቸው ይሁን። በረመዳን ለሚጾሙት ልጆች ሩጫ ያለበት ጨዋታ ቀርቶ ተቀምጠው የሚጫወቱት ይዘጋጅ፤ በዐቢይ ጾምም ቁርስ ዘግይቶ የሚበላ ልጅ ካለ ምግቡ ይቀመጥለት።

አሁን ወደ እሁድ ከሰዓት በኋላ ልምጣ፤ ጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነውና። በአዳሪ ትምህርት ቤት ከባዱ ጊዜ እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ያለው ነው። ጨዋታው አልቋል፣ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ተሰናብቷል፣ ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች፣ ቤት ቢሆን ከብት የሚገባበትና ምድጃ የሚጫርበት ሰዓት ነው። ናፍቆት በዚህ ሰዓት ይበረታል። ያለምክንያት ሆዴን አመመኝ የሚሉት፣ በትንሽ ነገር የሚደባደቡት፣ አጥርም የሚዘልሉት በአብዛኛው በዚህ ሰዓት መሆኑን መዝገብዎን ገልጠው ያረጋግጡ። ሁለቱ ልጆች ሁለቱንም ጊዜ የወጡት እሁድ ወደ ማታ ነው ብለውኛል፤ ይህ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

ለዚህ ሰዓት የማውቀው ሁለት መድኃኒት ነው። አንደኛው ስልክ ነው። በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ልጆች ስልክ መያዝ ስለማይፈቀድላቸው በተቆጣጣሪው ስልክ እሁድ ተሰልፈው ይደውላሉ፤ ግማሹ ይደርሰዋል፣ ግማሹ «የደወሉላቸው ደንበኛ…» የሚለውን ድምፅ ሰምቶ ይመለሳል። የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ ቸልተኝነት አይደለም። ገጠር ያለ አባት ኔትወርክ የሚያገኘው ገበያ ሲወርድ ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፣ የሰንበቴው እሁድ ነው፤ አባቱ ባቲ የሚገበይ ልጅ እሁድ ሲደውል አያገኘውም፣ ሰኞ ረፋድ በዕረፍት ሰዓት ቢደውል ግን ያገኘዋል። ስለዚህ በመዝገብዎ ላይ ከእያንዳንዱ ልጅ ስም ፊት የወላጁን ስልክ ብቻ ሳይሆን የገበያ ቀኑንም ይጻፉ። እናታቸው በሳውዲ ወይም በኩዌት በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ልጆችም ይኖሯችኋል፤ በእነዚያ አገሮች የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ ዕረፍት የሚሰጣት እናት ለልጇ የምትደርሰው በዚያ ቀን ነውና ጥሪው ወደ ዓርብ ይዛወር። ማንም የማይደውልለት፣ የሚደውልለትም የሌለው ልጅ በሰልፉ ሰዓት ሌላ ሥራ ይሰጠው እንጂ ሌሎች ሲያወሩ ቆሞ አይስማ፤ ለቤቱ ደብዳቤ መጻፍ የሚፈልግም ወረቀትና ሰው የሚያደርስለት መንገድ ያግኝ። ጥየቃ የመጣለት ልጅ ያመጡለትን ምግብ ለብቻው መደበቅ እንዳይለምድ፣ ተገድዶም እንዳያካፍል፣ ለክፍሉ ልጆች አንድ ጊዜ አቋድሶ ቀሪውን በሣጥኑ የሚያስቀምጥበት ልማድ ይኑር።

ሁለተኛው መድኃኒት ያው የጀመርንበት ነው፤ በዚያ ሰዓት እጅን የሚይዝና ሌሎች የሚጠብቁት ሥራ። እኛ የሞከርነውና የያዘልን የእሁድ ዳቦ ነው። ከአሥሩ የመኝታ ክፍሎች አንዱ በየተራ፣ 24 ልጆች ማለት ነው፣ ከምሳ በኋላ ከወጥ ቤት ሠራተኛዋ ጋር ሆነው ጠዋት የተቦካውን ሊጥ ይጋግራሉ፤ ገሚሱ እንጨት ያቀርባል፣ ገሚሱ ኮባ ያጥባል፣ ገሚሱ ሻይ ያፈላል። 11 ሰዓት ላይ ግቢው በሙሉ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ሻይ በዳቦ ይቀርብለታል። ዱቄቱ ከሳምንቱ የቁርስ ዱቄት ላይ ስለሚነሣ ጭማሪ በጀት አይፈልግም፤ እሁድ ጠዋት ዳቦ ቀርቶ ቂጣ ወይም ቅንጬ ይቀርባል። እሳት ስላለበት አዋቂ ከወጥ ቤቱ አይለይ። የመጀመሪያው ዳቦ አንድ ጎኑ አሮ፣ ሌላው ሊጥ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ልጆቹ ግን ሲበሉት አይተዋቸዋለሁ፣ ለትችት የሚያቆም የለም።

ቅጣቱን በሚመለከት ሕጉ ግልጽ ነው፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ አርጩሜውም ማንበርከኩም ፀሐይ ላይ ማቆሙም ይቅር። ቅዳሜና እሁድን መከልከልም የማልደግፈው ቅጣት ነው፤ ናፍቆት ያስወጣውን ልጅ ከጨዋታና ከሰው መለየት ናፍቆቱን ማባባስ ይሆናል። ሁለቱን ልጆች ለየብቻ፣ በእግር እየተራመዱ፣ ወዴት ሊሄዱ እንደነበር ይጠይቋቸው። መልሱ ሱቅ ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ የመኪና መናኸሪያ ከሆነ ሌላ ነው፣ ከግቢው ውስጥ ከአንድ ሰው እየሸሹ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ የሚመረመረው ልጁ ሳይሆን የሚሸሸው ሰው ነው። መልሱን ሳይሰሙ የሚሰጥ ቅጣት የትኛውን እንደሚቀጣ አያውቅም። አደጋው ግን በእውነት ይነገራቸው፤ ማታ መንገድ ላይ የሚገጥማቸውን፣ እርስዎ ፋኖስ ይዘው ሲፈልጓቸው ያሳለፉትን ፍርሃት፣ ለወላጃቸው የገቡትን ቃል። ለአራት ሳምንትም በየቆጠራው ላይ ራሳቸው መጥተው ስማቸውን ያስመዝግቡ፤ ይህ ለሁለቱም ወገን የሚበቃ ግዴታ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ አይጀምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ቁልፎቹን ይረከቡና ደወሉን ያዘግዩ፣ በሁለተኛው አጠባውን ያደራጁ፣ በሦስተኛው የቆሎውን ምሽት፣ በአራተኛው ዳቦውን። የሁለቱ ልጆች መኝታ ክፍል የመጀመሪያው ዳቦ ጋጋሪ ይሁን፤ ቅጣትም ሽልማትም ነው አይበሏቸው። እንጨት የሚፈልጥ ጠንካራ ሰው እንደሚያስፈልግ ብቻ ይንገሯቸው፣ እሁድ 9 ሰዓት ላይም ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቋቸው።